ረዥሙ ልጅ ተጫዋች ይወጣዋል?

በ2018 ዓ.ም. የጊፋታ በዓል ሰሞን አረካ ነበርኩ፡፡ አረካ ከሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት፡፡ ብዙ ሰው የሚያውቃት በእንሰት ምርምር ስሙ በሚነሳው የግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፡፡ እኔን የወሰደኝ ግን ዘመድና በዓል ነበር፡፡ ሥጋው ቀርቦ፣ ዳጣው ተቀምሶ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ የቤቱ አባወራ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና “አንተ ሕግ ተምረሃል፤ እስቲ ይህችን እይልኝ” አለኝ፡፡

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፡፡ ራሱን “የተጫዋቾች ኤጀንት” ብሎ የሚጠራ ሰው፣ የአባወራው ወንድም ልጅ በአንድ የአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ክለብ ሙከራ እንዲያደርግ መመረጡን ያበስራል፡፡ ለቪዛና ለልዩ ልዩ ማስኬጃ 3 ሺህ ዶላር በቅድሚያ ይላክ ይላል፡፡ “ለመሆኑ የት አይተውት መረጡት?” ብዬ ጠየቅሁ፡፡ በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ተልኮላቸው ነው፤ ልጁ ከበር አጠገብ ቆሞ፣ ጭንቅላቱ ከጉበኑ በላይ ሆኖ ይታያል፡፡ ቤተሰቡ ሁለት በሬዎች ሸጦ፣ የጎደለውን ደግሞ መሬት በኮንትራት ሰጥቶ ሊሞላ እየተመካከረ ነበር፡፡

ጥቂት ቆይቶ ልጁ ራሱ ጎንበስ ብሎ ገባ፡፡ “ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ” ብሎ ሲጨብጠኝ እጄ መዳፉ ውስጥ ጠፋ፡፡ የትምህርት ቤቱ መረብ ኳስ ቡድን አባል ነው፡፡ ቅርጫት ኳስ ግን ተጫውቶ አያውቅም፡፡ አጎቱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ “ሌላውን ተወው፤ ተጫዋች ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም? እሱን ብቻ ንገረኝ” አለኝ፡፡

እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም፡፡ በተማሪነቴ ዘመን የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ተጠባባቂ ነበርኩ፡፡ ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ሳላቋርጥ ተከታትያለሁ፡፡ ያን ሰሞን ደግሞ የማውቃቸውን ሁለት አሠልጣኞች ስልክ እየደወልኩ አስቸግሬያቸዋለሁ፡፡ ይህ ጽሑፍ የዚያ ሁሉ ድምር ነው፡፡ እንዲህ ዓይነት ልጅ በጋምቤላም፣ በአርባ ምንጭም፣ በአዲስ አበባም አይጠፋም፡፡ “የዚህ ልጅ ቦታው ኤንቢኤ ነበር” የሚል ጎረቤትም አይጠፋም፡፡ እንግዲህ የአጎትየውን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ እንየው፡፡ (ካልተገለጸ በቀር የውጭ አገር ታሪኮች ዘመን የተጠቀሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፡፡)

በመጀመሪያ ሜትር ይምጣ

ቁመቱን ስጠይቅ አንዱ 2 ሜትር ከ10፣ ሌላው 2 ሜትር ከ15 አለኝ፡፡ የአናጢ ሜትር አስመጣን፡፡ ቁመት የሚለካው ጫማ ተወልቆ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ ነክተው ነው፡፡ ቢቻል ጠዋት ይመረጣል፤ ሰው ቆሞ ሲውል የጀርባ አጥንቱ ስለሚታመቅ ማታ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያጥራልና፡፡ ልጁ 2 ሜትር ከ4 ሆነ፡፡ ቤቱ ትንሽ ቅር አለው፡፡

እኔ ግን ገና አልጨረስኩም፡፡ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን አስዘርግተን ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለካን፤ 2 ሜትር ከ17፡፡ ከዚያ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሳ አንድ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረገ፤ 2 ሜትር ከ71፡፡ የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፡፡ ስለዚህ ልጁ ቀለበቱን ለመንካት 34 ሴንቲ ሜትር ቢዘል ይበቃዋል፡፡

ባለሙያዎች ከቁመቱ ይልቅ ለእነዚህ ሁለት ልኬቶች ትልቅ ግምት ይሰጣሉ፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኳስ የሚጨናገፈውም ሆነ ከቦርድ ሲመለስ የሚያዘው በእጅ ነው፡፡ የብዙ ሰው የእጅ ዝርጋታ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል፡፡ የትልልቆቹ ሊጎች ረዣዥም ተጫዋቾች ግን ዝርጋታቸው ከቁመታቸው ጎላ ብሎ ይበልጣል፡፡ ፈረንሳዊው ሩዲ ጎቤር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲለካ የእጁ ዝርጋታ 2 ሜትር ከ35 ገደማ ነበር፡፡ ያን ዓመት 26 ተጫዋቾች ከሱ በፊት ተመርጠዋል፡፡ እሱ ግን ከዚያ በኋላ የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚለውን ሽልማት አራት ጊዜ ወስዷል፡፡ በ2025 በ10ኛ ተራ የተመረጠው ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋችም ያለ ጫማ 2 ሜትር ከ15 ገደማ ሲሆን፣ ዝርጋታው 2 ሜትር ከ30 ነው፡፡

በዚህ መስፈርት የአረካው ልጅ ክፉ አይደለም፤ ዝርጋታው ከቁመቱ በ13 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፡፡ ሐቁ ግን ይነገር፡፡ 2 ሜትር ከ4 በኤንቢኤ የሴንተር ቁመት አይባልም፤ እዚያ በዚህ ቁመት ከመስመር ሆነው ኳስ የሚገፉና ከሩቅ የሚወረውሩ ሞልተዋል፡፡ በአህጉራችንና በአውሮፓ መለስተኛ ሊጎች ግን ከቀለበቱ ሥር መሰለፍ ይችላል፡፡ ገና ያድግ እንደሆነ ደግሞ በወሬ አይታወቅም፡፡ የእጁ አንጓ በራጅ ሲታይ የአጥንቱ ማደጊያ ተዘግቶ ወይም ክፍት ሆኖ ይገኛል፡፡

ዕድሜው ስንት ነው? ማስረጃውስ?

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርቴ ብቅ ማለቱ አልቀረም፡፡ አንድ ልጅ ተስፋ አለው የሚባለው ከዕድሜው አንጻር ነው፡፡ በ17 ዓመቱ ጥሬ የሆነ ልጅ ጊዜ አለው፡፡ በ23 ዓመቱ ጥሬ የሆነው ግን በሙያው ዓይን ዘግይቷል፡፡ ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚዋሸው ዕድሜ ነው፡፡

ልጁ የተወለደው ግንቦት 2000 ዓ.ም. ነው ተባልኩ፡፡ የልደት ምስክር ወረቀት ስጠይቅ የክትባት ካርድ መጣልኝ፡፡ አያስገርምም፡፡ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፡፡ ያኔ ይህ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነበር፡፡ የሱ ትውልድ ሲወለድ የመዘገበው የለም ማለት ነው፡፡

ኤጀንቱ የላከውን ቅጽ ስመለከት ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ፡፡ የልደት ዘመን በሚለው ቦታ ላይ “ግንቦት 2000” የሚለው ሳይቀየር በፈረንጅ ወር ስም ተሞልቷል፡፡ ግንቦት 2000 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር 2008 ነው፡፡ በዚህች ስህተት ልጁ በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት አርጅቶ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆኗል፡፡ ስህተቱ በተቃራኒው ሲሠራ ደግሞ ጎልማሳው ሕፃን ይሆናል፡፡ ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም፡፡ አንድ ጊዜ በፓስፖርትና በቪዛ ማመልከቻ ላይ የሠፈረ ዘመን በኋላ ሲስተካከል “አጭበርብሯል” የሚያሰኝ ነው፡፡

ዓለም በዚህ ጉዳይ ተጠራጣሪ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በ2016 በካናዳ ዊንዘር ከተማ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት የነበረ ከደቡብ ሱዳን የሄደ ረዥም “የ17 ዓመት ተማሪ” በኢሚግሬሽን ተይዟል፡፡ የጣት አሻራው ቀደም ሲል ለሌላ ቪዛ ካመለከተበት ሰነድ ጋር ሲመሳከር ዕድሜው ወደ 30 የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ፡፡ ፊፋም ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆነው የዓለም ዋንጫው የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል፡፡ እንግዲህ ለአረካው ቤተሰብ የመጀመሪያ ምክሬ ቀላል ነበር፤ ከኤጀንቱ በፊት ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይኬድ፡፡

እግር፣ እጅና ዓይን

ቁመትና ዕድሜ ከተለዩ በኋላ ጨዋታው ይመጣል፡፡ ጨዋታ የማያውቅን ልጅ በጨዋታ መመዘን ግን አይቻልም፡፡ ታዲያ ምኑ ይታያል?

ሁለቱም አሠልጣኞች “እግሩን” አሉኝ፡፡ ረዥም ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ሲታይ ሁሉም ያምራል፡፡ ችግሩ የሚጀምረው አቅጣጫ ሲቀይር ነው፡፡ ወደ ፊት ሮጦ፣ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ስንት እርምጃ ይፈጅበታል? ወገቡን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን መንሸራተት ይችላል? አንድ ጊዜ ዘሎ ካረፈ በኋላ ሁለተኛውን ዝላይ ቶሎ ይደግማል ወይስ ጉልበቱን አጥፎ እንደገና ይዘጋጃል? ሁለተኛው ዝላይ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይናገራል፤ ከቦርድ የተመለሰች ኳስ በመጀመሪያው ዝላይ የምትያዘው አልፎ አልፎ ነውና፡፡

ቀጥሎ እጅ ነው፡፡ የእጅ ትልቅነት ጥሩ ነው፤ ግን ለስላሳ እጅ ይበልጣል፡፡ ጠንከር ያለች ኳስ ሳያስበው ሲወረወርለት ይይዛታል ወይስ ከመዳፉ ትነጥራለች? ከዚያ ዓይን ነው፡፡ ኳሷ ገና ሳትደርስ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ከደረሰች በኋላ የሚያባርራትም አለ፡፡

እነዚህን ሦስቱን ከሌላ ስፖርት ማየት ይቻላል፡፡ ናይጄሪያዊው ሐኪም ኦላጁዋን ሌጎስ ውስጥ ሲያድግ የእግር ኳስና የእጅ ኳስ በረኛ ነበር፡፡ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው፡፡ በ1984 ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ፤ በ1994 እና በ1995 ሂውስተንን ሻምፒዮን አደረገ፡፡ በእግሮቹ ቅልጥፍና እስከ ዛሬ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፡፡ ካሜሩናዊው ጆኤል ኢምቢድም በያውንዴ ሲያድግ ሐሳቡ የመረብ ኳስ ተጫዋች መሆን ነበር፡፡ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ አካባቢ ሲሆን፣ በ2014 በሦስተኛ ተራ ተመርጦ በ2023 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፡፡

ስለዚህ በማግሥቱ ልጁን መረብ ኳስ ሲጫወት ሄጄ አየሁት፡፡ መረቡ ላይ ሲዘል ጊዜውን ያውቃል፤ አስቀድሞም አይዘልም፣ አይዘገይምም፡፡ ሁለተኛው ዝላዩ ፈጣን ነው፡፡ ወደ ጎን ሲሄድ ግን እግሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ወገቡም ዝቅ አይልም፡፡ ይህንኑ ለአንዱ አሠልጣኝ በስልክ ስነግረው “ጥሩ፤ የመጀመሪያው አይሰጥም፣ ሁለተኛው ይሠለጥናል” አለኝ፡፡

ያደረው ትምህርት

ቁመትና ቅልጥፍና ያላቸው ሁሉ ቢሳካላቸው ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ፡፡ የታንዛኒያውን ሐሺም ታቢትን እናንሳ፡፡ የዳሬሰላም ልጅ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ21፡፡ እንደ እኛው ልጅ ዘግይቶ ነው የጀመረው፡፡ በአሜሪካ ኮሌጅ ኳስ በማጨናገፍ ስሙ ገኖ በ2009 ሜምፊስ በሁለተኛ ተራ መረጠው፡፡ ከሱ በኋላ ከተመረጡት መሐል ጄምስ ሃርደንና ስቴፈን ከሪ ይገኛሉ፡፡ ታቢት በመጀመሪያው የውድድር ዓመቱ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ እንዲጫወት ተደረገ፡፡ በኤንቢኤ ቆይታው በአማካይ ያስቆጠረው በጨዋታ 2 ነጥብ ገደማ ነው፡፡ የመረጡት ሰዎች ልምድ ያላቸው፣ ልጁንም በቪዲዮ፣ በመለኪያና በሐኪም የመረመሩ ናቸው፡፡ እነሱ የተሳሳቱትን እኛ በበር ላይ ፎቶግራፍ እንዴት እናውቀዋለን?

ወላይታ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ እንሰት ከሩቅ ሲታይ ረዥሙ ቅጠሉ ነው፡፡ ቆጮውና አሚቾው ያለው ግን ከግንዱና ከሥሩ ነው፡፡ ለዚያም ዓመታት ይፈጃል፤ ከችግኝ ቦታው እየተነሳ በየደረጃው ይተከላል፡፡ አጎትየው ይህን ስለው ሳቀና “ቅጠል አይተን በሬ ልንሸጥ ነዋ!” አለ፡፡

ታዲያ በጥሬ ልጅ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው የመማር ፍጥነቱ ነው፡፡ አሠልጣኙ የነገረኝ ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ አንድ እንቅስቃሴ ምረጥ፤ ለምሳሌ ኳስ ይዞ በሁለት እግር ማረፍ፣ በአንዱ እግር መዞር፣ ከዚያ መወርወር፡፡ አንድ ጊዜ አሳየው፡፡ ግማሽ ሰዓት ይለማመድ፡፡ “የዚያን ቀኑን አትፍረድበት፤ በማግሥቱ ጠዋት ሳታስታውሰው ስንቱን ይዞ እንደመጣ እይ” አለኝ፡፡ ያደረ ትምህርት ያለው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል፡፡ በየቀኑ ከዜሮ የሚጀምር ልጅ ግን ሁለት ሜትር ተኩልም ቢሆን ያው ነው፡፡

ሁለተኛው መለኪያ ነፃ ውርወራ ነው፡፡ መስመሩ ከቦርዱ 4 ሜትር ከ60 ይርቃል፤ የሚከላከል የለም፤ ርቀቱ አይቀየርም፡፡ ስለዚህ የእጁን ለስላሳነትና የልምምዱን ፍሬ ያለ ሰበብ ያሳያል፡፡ ካማን ማሉዋች ኡጋንዳ ውስጥ ኳስ የጀመረው በ2019 በ13 ዓመት ገደማ ዕድሜው ነው፡፡ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ሲጫወት ከ100 ነፃ ውርወራ ከ75 በላይ ያስገባ ነበር፡፡ መራጮች ይህን ሲያዩ “ይህ ልጅ ይማራል” ይላሉ፡፡

አረካ ውስጥ መረብ የሌለው ቀለበት ያለበት ሜዳ ተገኘና ልጁ ሃያ ጊዜ ወረወረ፡፡ አራቱን አስገባ፡፡ መዞሩን አሳየሁት፤ እግሩ ተጠላለፈ፤ ሳቅን፡፡ በማግሥቱ ጠዋት ግን ሳልጠይቀው በትክክል አረፈ፡፡ መዞሩ አሁንም ተበላሸ፤ ማረፉ ግን አድሯል፡፡

ልብና አጥንት

ይህን ክፍል ወላጆች እንዳይዘሉት እለምናለሁ፡፡ በጣም ረዥም፣ ቀጭን፣ እጆቹና ጣቶቹ የተለየ ርዝመት ያላቸው ልጅ ኤጀንት ከማየቱ በፊት የልብ ሐኪም ሊያየው ይገባል፡፡ ማርፋን ሲንድሮም የሚባል በዘር የሚወረስ ችግር አለ፡፡ ሰውነትን ያስረዝማል፤ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ግን ያሳሳል፡፡ አሜሪካዊቷ የመረብ ኳስ ኮከብ ፍሎ ሃይማን በ1986 ጃፓን ውስጥ በውድድር ላይ ወድቃ ስትሞት ሕመሙ እንዳለባት የሚያውቅ አልነበረም፡፡ በ2014 ደግሞ ኢሳያ ኦስቲን የተባለ 2 ሜትር ከ16 የሆነ የኮሌጅ ሴንተር ሊመረጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይኸው ችግር በምርመራ ተገኘበት፤ ምርመራው ሕይወቱን አተረፈለት ማለት ይቻላል፡፡ በልብ አልትራሳውንድ የሚታይ ነገር ነው፡፡

ሌላው እግር ነው፡፡ ረዥም ሰው ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው በእግሩ ትንንሽ አጥንቶች ላይ ነው፡፡ ኢምቢድ በተመረጠ ማግሥት በእግሩ አጥንት ስብራት ምክንያት ሁለት ሙሉ የውድድር ዓመታት አልተጫወተም፡፡ የቻይናው ያኦ ሚንግ በ2011 ጨዋታ ያቆመው በእግር ጉዳት ነው፡፡ እኛ ዘንድ ደግሞ ከዚህ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ጫማ፡፡ የአረካው ልጅ በቁጥሩ ጫማ አጥቶ አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው፡፡ የወላይታን ቀይ አፈርና አፈሩ በባዶ እግር ላይ የሚያመጣውን የእግር እብጠት በሽታ ለሚያውቅ፣ ጫማ የስፖርት ትጥቅ ከመሆኑ በፊት የጤና ጉዳይ ነው፡፡

ወረቀቱስ?

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ፡፡ ልጁ 18 ዓመት አልሞላውም፤ ስለዚህ በሕጋችን አካለ መጠን ያልደረሰ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1678 ለውል መኖር መጀመሪያ የሚጠይቀው ችሎታ ያላቸው ተዋዋዮችን ነው፡፡ ልጁ ብቻውን የፈረመው ወረቀት የሚያጸና መሠረት የለውም፤ ፈራሚው በሕግ የሚወክለው ሰው መሆን አለበት፡፡ የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዲዛወር በመርሕ ደረጃ አይፈቅድም፤ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ፡፡ ፊባ ፈቃድ የሰጣቸውን ኤጀንቶች ዝርዝር ደግሞ ማንም ሰው ማየት ይችላል፡፡

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን ጽፈን ላክን፡፡ የፊባ ፈቃድዎ ቁጥር ስንት ነው? ክለቡ በራሱ ስም የጻፈው ግብዣ የት አለ? ልጁ ዕድሜው 18 ሳይሞላ በየትኛው ልዩ ሁኔታ ነው የሚዛወረው? አንድ ክለብ አንድን ልጅ በእርግጥ ከፈለገ ቲኬቱን ራሱ ይቆርጣል፤ ከገበሬ በሬ አይጠብቅም፡፡

ይህን ማጥበቄ ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በሐድያ፣ በከምባታና በወላይታ ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ መሬትና ከብት ለደላላ የተሰጠባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፡፡ አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸው ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ እስካሁን የልጃቸውን ስልክ ይጠብቃሉ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178 በዚህ የተሠማሩትን ሊቀጣ የወጣ ነው፡፡ ኳስ ለዚሁ ሥራ አዲስ ሽፋን መሆኗን ልብ ማለት ይገባል፡፡

ስሌቱንም እንየው፡፡ ኤንቢኤ 30 ክለቦች አሉት፤ በመደበኛ ውል የሚይዙት 15፣ 15 ተጫዋቾች ነው፡፡ 450 ወንበር ማለት ነው፤ ለመላው ዓለም፡፡ ይህን ሰምቶ ተስፋ መቁረጥም ተገቢ አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለው ብዙ ነው፡፡ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 ኪጋሊ ላይ በ12 ክለቦች ተጀምሯል፡፡ ማሉዋችም ያለፈው ሴኔጋል ባለው የኤንቢኤ አካዳሚና በዚሁ ሊግ ነው፡፡ የስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድልም አለ፤ ለሱ ግን የክፍል ውጤትና እንግሊዝኛ ይጠየቃል፡፡ የኮንጎው ዲኬምቤ ሙቶምቦ በ1987 ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሐኪም ለመሆን አስቦ ነበር፤ ኳሷ የመጣችው ከትምህርቱ በኋላ ነው፡፡ ቅርብም አለ፡፡ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን ካይሮ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ከውድድር ያስወጣው ወላይታ ድቻ በመረብ ኳስም ስሙ የታወቀ ነው፡፡ 2 ሜትር ከ4 ሆኖ ጊዜውን ጠብቆ ለሚዘል ልጅ ይህ በር ከሁሉም ይቀርባል፡፡

ለአጎትየው የሰጠሁት መልስ

“ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም?” ለሚለው “ዛሬ ይህን በእርግጠኝነት የሚነግርህ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል” አልኩት፡፡ እስካሁን ያለው ማስረጃ ጉዳዩን ለመመርመር ያስቀርባል እንጂ አያስፈርድም፡፡ ክርክሩ ሁለት ዓመት ይፈጃል፡፡ እስከዚያ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ የልብ ምርመራ፣ አንድ የልደት ምስክር ወረቀትና በየቅዳሜው ወደ ሶዶ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ነው፡፡ ለዚህ ደግሞ ሁለት በሬ አይሸጥም፡፡ ትምህርቱም አይቋረጥም፡፡ ሁለት ዓመት ሞልቶ መልሱ “አይወጣውም” ቢሆን እንኳ ልጁ 12ኛ ክፍል ጨርሶ፣ ጤናው ታውቆ፣ ሰነዱ ተስተካክሎ፣ በሬዎቹም በረት ውስጥ ሆነው ይጠብቁታል፡፡

አጎትየው ዝም ብሎ ሰማኝ፡፡ ደስ አላለውም፤ የጠበቀው አንድ ቃል ነበር፡፡ ልጁ ግን “ጋሼ፣ ያ መዞሩ እንደገና ያሳዩኝ” አለኝ፡፡ እንደ አንድ መስካሪ ሆኜ ልናገርና፣ በዚያ ሁለት ቀን ካየሁት ሁሉ ሚዛን የደፋብኝ ይህች ጥያቄ ናት፡፡

ገና ሰሞን ደወልኩ፡፡ ኤጀንቱ ሦስቱ ጥያቄዎች ከደረሱት ጀምሮ አልጻፈም፡፡ የልብ ምርመራው ደህና ወጥቷል፡፡ ጫማ ከአዲስ አበባ 50 ቁጥር ልከንለታል፡፡ ሶዶ ውስጥ ፈቃደኛ የሆነ የስፖርት መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠራዋል፡፡ ከሃያ ነፃ ውርወራ ዘጠኝ አስገብቷል፤ መዞሩ አሁንም በግራ በኩል ይበላሻል አሉኝ፡፡ እናቱ የከሰሉን ምልክት እንዳትለስንበት ልጁ ለምኗታል፡፡ በሬዎቹ አልተሸጡም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡